አልጋ የሚቆጥር ገንዘብ

ከሳር ቤት ተነሥቶ በመካኒሳ በኩል ወደ ለቡና ጀሞ የሚወርድ ሰው አስፋልቱን ለቆ ውስጥ ለውስጥ ሲገባ ታፔላ በታፔላ ላይ ያነባል። ፋርማሲ፣ አጸደ ሕፃናት፣ የውበት ሳሎን፣ ከእነሱም መሃል አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር። ከላይ በትልቁ የአገር ውስጡ ማኅበር ስም ተጽፏል፤ ከሥሩ ደግሞ አነስ ብሎ የለጋሹ ስምና ዓርማ ሰፍሯል። ዓርማው አንዳንዴ ሁለትና ሦስት ይሆናል። ግቢው አብዛኛውን ጊዜ ለመኖሪያ የተሠራ ቪላ ነው፤ ሳሎኑ ቢሮ፣ መኝታ ቤቱ መዝገብ ቤት፣ ሰርቪሱ የዱቄትና የዘይት ማስቀመጫ ሆኗል።

የአዲስ አበባው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ለእንዲህ ያለ ማኅበር ሥራ አያሳጣም። በአንድ በኩል የጎፋና የሳሪስ ነባር ሠፈሮች፣ በሌላ በኩል በሺዎች የሚቆጠር ቤተሰብ የገባባቸው የጀሞ ኮንዶሚኒየሞች አሉ፤ ግንባታውን ተከትሎ ከክፍለ አገር የመጣው የቀን ሠራተኛም በየጥጋጥጉ ተከራይቶ ይኖራል። ጎረቤቱ ኮልፌ ቀራኒዮ ነው። የአለርት ሆስፒታልና የዘነበወርቅ ሠፈር፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው የቀበረው የቆሼ ቆሻሻ ክምር፣ ሁሉም በዚያ አቅጣጫ ናቸው። ወላጅ ያጣ ወይም ወላጁ ማሳደግ ያቃተው ልጅ በእነዚህ ሠፈሮች ብርቅ አይደለም። አብዛኛው ግን ማሳደጊያ ውስጥ አይኖርም፤ ከአያቱ፣ ከአክስቱ ወይም ከጎረቤት ጋር ነው።

ይህ ምዕራፍ የሚከተለው ገንዘቡን ነው። ባሕር ማዶ የተቀመጠ የአንድ ባለጸጋ ቤተሰብ ሀብት ጀሞ ውስጥ አክስቱን ተጠግቶ ከሚኖር ልጅ ዘንድ በምን መንገድ ይደርሳል? ሲደርስስ ምን ሆኖ ይደርሳል?

ፋውንዴሽን ከተራው ለጋሽ የሚለየው በየዓመቱ እጁን ዘርግቶ የማይለምን በመሆኑ ነው። መሥራቹ ቤተሰብ ወይም ኩባንያ ሀብቱን አንዴ ያስቀምጣል፤ ሀብቱ በአክሲዮንና በቦንድ ላይ እየዋለ ይወልዳል፤ ከወለደው ላይ ይሰጣል። የአሜሪካ የግብር ሕግ የግል ፋውንዴሽኖች ከሀብታቸው 5 በመቶ ያህሉን በየዓመቱ ለበጎ ዓላማ እንዲያወጡ ያስገድዳል። ስለዚህ ሰጪው ቢሮ መስጠት ግዴታው ነው። ጭንቁ የሚጀምረው ተቀባዩን ሲመርጥ ነው። ገንዘቡ ከአገር ሲወጣ ያው ሕግ ሁለት አማራጭ ያቀርባል፤ ወይ ተቀባዩ በአሜሪካ ሚዛን የበጎ አድራጎት ድርጅት ለመሆኑ ሰነድ ይቀርባል፣ ወይ እያንዳንዱ ወጪ ክትትልና ሪፖርት ይደረግበታል። አንድ ሒሳብ ሠራተኛና ሁለት ማኅበራዊ ሠራተኞች ላሉት የላፍቶ ማኅበር ይህ ከባድ ሸክም ነው። ለሰጪውም ቢሆን ሃምሳ ትናንሽ ማኅበራትን ከመመርመር አንድ ትልቅ ድርጅት መመርመር ይቀለዋል።

አማካዮቹ የሚገቡት በዚህ ክፍተት ነው። ለማሳያ ያህል 100,000 ዶላር ከካሊፎርኒያ ተነሣ እንበል። ዋሽንግተን ወይም ለንደን ያለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ለአስተዳደሩ 10 በመቶ ቢያስቀር 90,000 ይቀራል። የአዲስ አበባ ቅርንጫፉ ከዚያ ላይ 20 በመቶውን ለመኪና፣ ለባለሙያና ለኦዲት ቢያውል 72,000 ይሆናል። የአገር ውስጡ ማኅበር በተራው ሕግ የፈቀደለትን 20 በመቶ ለአስተዳደር ቢይዝ ለልጆቹ የሚደርሰው 57,600 ዶላር ነው። በዚህ ሁሉ መንገድ አንድም ሌባ የለም። እያንዳንዱ ጣቢያ ደረሰኝ አለው፤ ለእያንዳንዱ ደረሰኝም በቂ ምክንያት ይቀርብለታል።

መንገዱን ለማሳጠር የሞከሩም አሉ። በአሜሪካ የተቋቋሙት ግሎባል ፈንድ ፎር ችልድረንና ፋየርላይት ፋውንዴሽን ትናንሽ ማኅበራትን ራሳቸው እየፈለጉ አነስተኛ ገንዘብ በቀጥታ መስጠትን ሥራቸው አደረጉት፤ ኢትዮጵያም ከደረሱባቸው አገሮች አንዷ ነበረች። እንዲህ ዓይነት ሰጪዎች ግን ከጠቅላላው ገንዘብ ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ናቸው።

ከመንገዱ ርዝመት ይልቅ የልጁን ዕጣ የሚወስነው መለኪያው ነው። ለጋሽ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ልጅ?» ብሎ ነው። ሕፃናት ማሳደጊያ ለዚህ ጥያቄ የተመቸ ነው፤ አልጋው ይቆጠራል፣ ምሳው ይቆጠራል፣ ልጆቹ ተሰልፈው ፎቶግራፍ ይነሣሉ፣ እንግዳ ሲመጣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተጎብኝቶ ያልቃል። በሃያ ሠፈር ተበትነው በዘመድ ቤት የሚኖሩ ሃያ ልጆችን ማስጎብኘት ግን ሳምንት ይፈጃል። ፎቶው ላይ የሚታየውም ሃያ ተራ ደሃ ቤት ነው። የሕፃናት ማሳደጊያዎቻችን ታሪክ ከዚህ የቆጠራ ምቾት ተነጥሎ ሊነገር አይችልም።

ነገሩ ሁልጊዜ በቆጠራ አልተጀመረም። አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለግሸን ማርያም ንግሥ ወደ ወሎ ሲሄዱ በረሃብ የወደቀ ሰው አዩ፤ ሲመለሱ ሁለት ሕፃናት ይዘው መጡ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ሆኑ። ትዳራቸውና የሞቀ ቤታቸው ቀረ፤ ቆሎና ዳቦን የመሳሰለውን እየሸጡ አሳደጓቸው። በስማቸው የተቋቋመው የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር የውጭ ለጋሾችን ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። አበበች ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ሲያርፉ ማኅበራቸው ከማሳደጊያው አልፎ በየቤቱ ያሉ ቤተሰቦችን የሚደግፍ ሰፊ ድርጅት ሆኖ ነበር። ልብ መባል ያለበት ቅደም ተከተሉ ነው፤ እዚህ ላይ ልጆቹ ቀደሙ፣ ገንዘቡ ተከተለ።

መንግሥትም በበኩሉ በትልቁ ሞክሯል። ደርግ ከሶማሊያ ጦርነት በኋላ የወደቁ ወታደሮችን ልጆች ለማሳደግ አላጌ ላይ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሕፃናት አምባን አቋቋመ። ትምህርት ቤቱ፣ እርሻውና መኖሪያው በአንድ ላይ ያለበት አንድ ትንሽ ከተማ ነበር። ሥርዓቱ ሲወድቅ አምባውም አብሮ ተበተነ፤ ቦታው ዛሬ የግብርና ኮሌጅ ነው።

በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። የዓለም ገንዘብ ባንድ ጊዜ ጎረፈ፤ ገንዘቡን ቶሎ ሥራ ላይ ለማዋል የቀለለው ዘዴ ግቢ አጥሮ፣ አልጋ ደርድሮ፣ ልጅ መሰብሰብ ሆነ። በዚያ ጊዜ ከተወለዱት አንዱ የኢየሩሳሌም የሕፃናት መኖሪያዎች ማኅበር ነው። እንደ ደብረ ብርሃን፣ ባሕር ዳር፣ ደብረ ዘይትና ድሬዳዋ ባሉ ከተሞች ማሳደጊያዎች ከፍቶ በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆችን አሳደገ።

በዚህ ርዕስ ላይ ከኢትዮጵያ ሊጠቀስ ከሚችለው ሁሉ ትልቁ ምሳሌ ይኸው ማኅበር አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ያደረገው ነገር ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ማሳደጊያዎቹን መዝጋት ጀመረ። የዘጋው ገንዘብ አልቆበት ወይም መንግሥት አዝዞት አልነበረም። በግቢው ውስጥ ያደጉት ልጆች በልተዋል፣ ተምረዋል። ዘመድ ግን የላቸውም፤ ገበያ ወጥቶ መግዛት፣ ለቅሶ መድረስ፣ ጎረቤት መሆን አልለመዱም። በዚያ ላይ አንድ ልጅ በማሳደጊያ ለማኖር የሚወጣው ወጪ በዘመዱ ቤት ለመደገፍ ከሚበቃው እጅግ ይበልጣል። ማኅበሩ ትናንሾቹን ልጆች ዘመድ እያፈላለገ ቀላቀላቸው፤ ለአቅመ ሥራ የደረሱትን አሠልጥኖ መቋቋሚያ ገንዘብ እየሰጠ አወጣቸው። በየከተማው ካሉ ዕድሮችና የሠፈር ማኅበራት ጋር መሥራት ያዘ፤ ስሙም የኢየሩሳሌም የሕፃናትና የማኅበረሰብ ልማት ድርጅት ተባለ። ለለጋሾቹ ይህን ማስረዳት ቀላል ሊሆን አይችልም፤ ትናንት ስፖንሰር ያደረጉት ግቢ ነገ ባዶ ይሆናል ማለት ነውና።

የተቀረው የአገሪቱ ክፍል ግን በተቃራኒው ነጎደ። በ1990ዎቹ የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ ወላጆችን ሲጨርስ በኢትዮጵያ ወላጅ አልባ የሚባሉት ልጆች ቁጥር ወደ 4.5 ሚሊዮን ተገመተ። ቁጥሩ አንድ ወላጅ ብቻ ያጣውንም ይጨምራል፤ በእርዳታ መጠየቂያ ብሮሹር ላይ ሲታተም ግን ይህ ማብራሪያ ብዙ ጊዜ ይቀራል። የውጭ አገር ጉዲፈቻ ገበያ ደራ። በ2002 ዓ.ም. ገደማ በአንድ ዓመት ብቻ ከ2,500 በላይ ልጆች ወደ አሜሪካ ሄዱ። አንድ አሜሪካዊ ቤተሰብ ለጠቅላላው ሒደት ከ20,000 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ የተወሰነው ለአገር ውስጡ ማሳደጊያ ይደርሳል። እዚህ ላይ መለኪያው ከአልጋም አለፈ፤ ገቢው በሚወጣው ልጅ ቁጥር ሆነ። በሕይወት ያሉ ወላጆች ልጃቸው ተምሮ የሚመለስ መስሏቸው ፈረሙ፤ ሰነድ ተጭበረበረ። ሃና ዊሊያምስ የተባለችው ታዳጊ በ2003 ዓ.ም. በዋሽንግተን ግዛት በአሳዳጊዎቿ ቤት ሞታ አሳዳጊዎቿ ሲፈረድባቸው ጉዳዩ አገር አነጋገረ።

በዚያው በ2003 ዓ.ም. መጋቢት ጉዳዩን የሚመለከተው ሚኒስቴር በቀን ሃምሳ ያህል ያይ የነበረውን የጉዲፈቻ መዝገብ ወደ አምስት አወረደ። ከዚያ በኋላ በርካታ ማሳደጊያዎች ተዘጉ። ልጆቹ ባንዴ ወላጅ ስላገኙ አልነበረም፤ ለማሳደጊያዎቹ ይመጣ የነበረው ገንዘብ ስለነጠፈ ነው። በመጨረሻም በጥር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ አገር ጉዲፈቻን አስቀረ።

ታዲያ ልጁ የት ይደር? ለዚህ ጥያቄ ጠንካራው መልስ የተገኘው ሩማኒያ ውስጥ በፋውንዴሽን ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ሦስት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ቻርልስ ኔልሰን፣ ናታን ፎክስና ቻርልስ ዚና፣ በማክአርተር ፋውንዴሽን ድጋፍ ቡካሬስት ውስጥ በማሳደጊያ የሚኖሩ 136 ሕፃናትን ይዘው በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ በነበሩበት ቆዩ፤ ግማሾቹ ወደ አደራ ቤተሰብ ሄዱ። ከተማው ውስጥ የአደራ ቤተሰብ እንደልብ ስላልነበረ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው መልምለው፣ አሠልጥነውና ደመወዝ ከፍለው አዘጋጁ። የአደራ ቤተሰብ ያገኙት ልጆች በአእምሮ ዕድገት፣ በቋንቋና ከሰው ጋር በመቀራረብ በልጠው ታዩ፤ ይልቁንም ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የወጡት። ማሳደጊያ ምግብና መጠለያ ቢሰጥም አንድን ልጅ የራሴ ብሎ የሚይዝ ሰው እንደማይተካ ከዚያ ወዲህ መከራከር አስቸጋሪ ሆኗል።

የኢትዮጵያ መንግሥትም በ2001 ዓ.ም. ባወጣው የአማራጭ ሕፃናት ክብካቤ መመሪያ ማሳደጊያን የመጨረሻ አማራጭ አደረገ። ማኅበረሰብ አቀፍ ድጋፍ፣ ከቤተሰብ ጋር መልሶ ማቀላቀል፣ የአደራ ቤተሰብና የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ ይቀድማሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ተጥሎ የተገኘ ሕፃን ግን ዛሬም ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ከተማው ወደሚያስተዳድረው የክበበ ፀሐይ ማሳደጊያ ነው፤ እዚያ ስምንት ዓመት ገደማ ከሞላው ሴቷ ወደ ቀጨኔ፣ ወንዱ ወደ ኮልፌ ማሳደጊያ ይዛወራሉ። የአደራ ቤተሰብን በተደራጀ መልክ ከጀመሩት መካከል ቤታኒ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት አንዱ ነው። ይኸው ድርጅት ቀድሞ የውጭ ጉዲፈቻ ያስፈጽም ነበር፤ ኋላ ከዚያ ሥራ በመላው ዓለም እንደሚወጣ አስታወቀ።

የሚገርመው ያው 2001 ዓ.ም. ይህንኑ ሥራ ያሰረውን ሕግ ይዞ መምጣቱ ነው። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ከለከለ፤ ከተከለከሉት ውስጥ የሕፃናት መብት ይገኝበታል። በውጭ ገንዘብ ልጁን ማብላት ተፈቀደ፤ በዚያው ገንዘብ ስለ ልጁ መብት መናገር ግን አልተፈቀደም። ሁለተኛው ማነቆ ይበልጥ ዝምተኛ ነበር፤ አስተዳደራዊ ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ተደነገገ፣ መመሪያው ደግሞ የትራንስፖርት፣ የሥልጠናና የክትትል ወጪን አብዛኛውን በአስተዳደር ሥር አስገባው።

ይህ ማሳደጊያን አልጎዳም። ዱቄት፣ ዘይትና ፍራሽ የፕሮግራም ወጪ ናቸው። የአደራ ቤተሰብ ሥራ ግን ዱቄት አይደለም። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ከጀሞ ሦስት ተነሥታ ላፍቶ፣ ከዚያ ሃና ማርያም በታክሲ ትዞራለች፤ ልጁን ታያለች፣ አሳዳጊዋን ታነጋግራለች፣ ትምህርት ቤት ትደርሳለች፣ ወረዳ ትፈርማለች። ሥራው ራሱ ክትትል ነው። ክትትሉን ትርፍ ወጪ ብሎ የሚቆጥር ሕግ ሳያስበው አልጋውን መረጠ። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ኅብረት የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንድ በስምምነት እንደ አገር ውስጥ ገንዘብ ባይቆጠር ኖሮ ብዙ ማኅበር በሩን በዘጋ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 የ10 በመቶውን ገደብ አነሣ፤ የአስተዳደር ወጪን ወደ 20 በመቶ ቢያወርድም ትርጉሙን አጠበበው፤ ማኅበራት ነግደው ገቢ እንዲያገኙም ፈቀደ።

የቀረው ችግር ጊዜ ነው። ልጅ እስኪያድግ 18 ዓመት ይፈጃል፤ ፕሮጀክት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ነው፣ ቢረዝም አምስት። ፓክት የተባለው ድርጅት የመራው የኮከብ ብርሃን ፕሮግራም 500,000 ለችግር የተጋለጡ ልጆችን ለመድረስ አልሞ በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ አምስት ዓመት ሠርቶ አበቃ። በማኅበራቱ ቢሮ ቋንቋ ይህ «ፌዝ አውት» ይባላል፤ የስድስት ዓመት ልጅ ፌዝ አውት ተደረገ ሲባል ያለ ሳቅ መስማት ይከብዳል። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት እርዳታ ድንገት ሲቆም ደግሞ የመውጫ ጊዜ እንኳ አልተሰጠም። ፋውንዴሽኖች ምርጫ ስለማይወዳደሩ እንዲህ ባንድ ቀን የሚቆሙ አይደሉም፤ በገንዘባቸው መጠን ግን የመንግሥትን ቦታ መሙላት አይችሉም። 

በፕሮፖዛሉ ሠንጠረዥ የሌለው ደግሞ 18 ዓመት የሞላው ነው። «ተጠቃሚ» የሚለው ዓምድ 17 ላይ ያቆማል። ዘመድ ያለው ወጣት በዚያ ዕድሜ ከቤት አይወጣም፤ ሥራ እስኪይዝ፣ አንዳንዴም ትዳር እስኪይዝ እናቱ ዘንድ ይኖራል። ከማሳደጊያ የወጣው ግን ተያዥ የሚሆነው ሰው ሳይኖረው ቤት ሊከራይ፣ ዋስ ሳይኖረው ሥራ ሊቀጠር ይፈለግበታል። አሜሪካ ውስጥ ይህን ዕድሜ ለይተው የያዙ ፋውንዴሽኖች አሉ። የኮንራድ ሒልተን ፋውንዴሽን በሎስ አንጀለስና በኒው ዮርክ ከአደራ ቤተሰብ የሚወጡ ወጣቶችን በትምህርት፣ በሥራና በመኖሪያ ይደግፋል። ያው ፋውንዴሽን ኢትዮጵያ ውስጥም ለዓመታት ሠርቷል፤ እዚህ የታወቀው ግን በንጹሕ ውኃ ነው። ለአንዱ ከተማ ወጣት የታየው ክፍተት ለሌላው እስኪታይ ጊዜ ይወስዳል።

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ለዚህ ክፍተት የሚቀርበው ሥራ የሙያ ሥልጠና ነው። ሳሌዥያን የተባለው የካቶሊክ ማኅበር በመካኒሳ ዶን ቦስኮ ወጣቶችን ቴክኒክና ሙያ ያስተምራል፤ በጎተራ በኩል ያለው ቦስኮ ችልድረን ደግሞ የጎዳና ልጆችን ከመንገድ ተቀብሎ ትምህርትና ሙያ ይሰጣል፣ ከተቻለም ወደ ቤተሰብ ይመልሳል። ወጪውን በአብዛኛው የሚሸፍኑት አውሮፓና አሜሪካ ያሉ የዶን ቦስኮ ደጋፊ ተቋማት ናቸው። ለጋሽ ማሽንና ሕንፃ መግዛት ስለሚወድ ወርክሾፑ በደንብ ይሟላል። አስቸጋሪው ከምረቃ በኋላ ያለው ዓመት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የቤት ኪራይ፣ የራስ የሚሆን የመሣሪያ ሣጥን፣ አሠሪ ሲያጭበረብር ስልክ የሚያነሣ አንድ ማኅበራዊ ሠራተኛ። የኢየሩሳሌም ማኅበር በ1980ዎቹ መጨረሻ ለሚያወጣቸው ወጣቶች መቋቋሚያ ሲሰጥ የበጀተው ይህንኑ ዓመት ነበር፤ ዛሬ አንድ የጀሞ ማኅበር ያንኑ በፕሮፖዛሉ ቢጽፍ ከለጋሹ የሚመለስለት የመጀመሪያ ጥያቄ በአንድ ወጣት የሚወጣው ወጪ ለምን በዛ የሚል ይሆናል።